እህቴ ያልለቀቀችው መስቀል

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንመለስ የሦስት ዓመቷ እህቴ ሰብለ አውቶብሱን በለቅሶ አናወጠችው።

«ቆንጠጥ አድርጊያት እንጂ፣ ዝም ትላለች» አሉኝ ከኋላ የተቀመጡ እናት። እኔ ሰው ካየኝ እጄም አይታዘዘኝ፤ አቀርቅሬ እሽሩሩ አልኳት።

ከፊታችን የነበሩት ቄስ ዞር ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። ሰብለ ከተሳለመች በኋላ መስቀሉን በሁለት እጇ ጨብጣ ጸጥ አለች። ላስለቅቃት ስል ልትጮህ አፏን ከፈተች።

«ተያት ልጄ፣ ትያዘው» አሉኝ።

ዳባት ስንደርስ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

ደባርቅ ስንገባ ሰብለ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ መስቀሉን መለስኩላቸው።

«አባ፣ ቤትዎ በየት በኩል ነው?» አልኳቸው እንደምንም።

«ዳባት ነው ልጄ» አሉና ወደ ኋላ የሚመለሰውን መኪና ሊጠብቁ ሄዱ።