ረጅሙ ቃሬዛ

በወረርሽኙ የመጀመሪያ ክረምት የአክስቴ ባል ሞቱ። ቤታቸው ከመሐል ሜዳ ከተማ ወደ ጓሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ በዚያ ወቅት ጉሙ ከገብሱ ጋር ተቀላቅሎ መሬቱ የት እንዳለቀ አይለይም። ሳል ይዟቸው ከርሞ ነበር፤ አልተመረመሩም። በምን እንደሞቱ ያኔም አላወቅሁም፣ አሁንም አላውቅም።

ስደርስ አክስቴ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ደጃፍ ቆመዋል። ልቅሶ ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤቱ በየማሳው ዳር ተበታትኖ፣ በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ማልቀሱን ያለቅሳል፣ መቅረቡን ግን አይቀርብም።

«ማን ይሸከምልኛል?» አሉኝ። «አንተ በሬዲዮ ተራራቁ ስትል እሳቸውም ቁጭ ብለው ይሰሙህ ነበር። እንግዲህ ብቻቸውን ይሂዱ?»

የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ፤ በዜናው ያልኩት እውነት ነበር፤ ለአክስቴ ግን መልስ አልሆነም።

ከጓሮው በኩል የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። የእድሩ ዳኛ ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣና አስቆርጠው ቃሬዛ ያሠራሉ። ሌላ ጊዜ የቃሬዛው እንጨት ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። ይኼኛው ግን ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ሬሳው መሀሉ ላይ ይታሰራል፤ ተሸካሚው ከዳርና ከዳር፣ ከሬሳው ርቆ ይይዛል።

ሬሳው ወጥቶ ሲታሰር ወንዶቹ ከየማሳው መጡና በሁለቱ ጫፎች ላይ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገው ቆሙ።

«ጋሼ፣» አልኳቸው ዳኛውን፣ «ሬሳ እኮ አይስልም። የሚያሰጋው የእነዚህ መተፋፈግ ነው።»

«ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው የምትነግረን?» አሉኝ።

«እኔስ ከዚህ ሰውዬ ጋር ትከሻ መግጠም ድሮም አልወድ!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ጎኑ ካለው እየተላቀቀ። የልቅሶ ቀን መሆኑን ረስተው ሳቁ።

ዳኛው በየእንጨቱ ጫፍ አንድ አንድ ሰው፣ በጠቅላላው አራት ብቻ አስቀሩ። ከኋላ አንደኛውን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ከበደን፤ ግን ተነሳ። ረጅሙ እንጨት ስንራመድ ለመጥ ይላል፣ መልሶ ይቃናል። ከፊት ያሉት ሁለቱ በጉሙ ተውጠው አይታዩኝም፤ ሟቹ ማንም ሳይዛቸው በአየር ላይ በቀስታ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

«ቀስ በሉ፣» አሉ አክስቴ ከኋላ። «በቅሎ ላይም ሆነው መጣደፍ አይወዱም።»

በግራም በቀኝም ልቅሶው አብሮን ይጓዝ ጀመር። ሁሉም በየድንበሩ ላይ፣ ሳይጠጋ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያቀናል። ሰው አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው። አክስቴ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ድምፁን እየለዩ፣ «እሱም መጥቷል። እሷም፣ በዚህ በታመመ እግሯ፣ መጥታለች» እያሉ ለባላቸው ይነግሯቸው ነበር።