የሚስተር እንድሪስ አስተርጓሚ

ደረሳ ነመራ በዕድሜው ጠጅ ቀምሶ አያውቅም። ቢሆንም በሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነቀምቴ ውስጥ ጠጅ ቤት በማዘውተር የሚስተካከለው ሰው አልነበረም። እንጀራው ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በቀሰማት እንግሊዝኛ፣ ወደ ጊምቢ የሚሄደውን መንገድ ለሚቀይሱ ፈረንጆች አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጥሯል። ቀን ቀን መንገዱ እርሻው ላይ ከሚያርፍበት ባላገር ጋር ያነጋግራቸዋል። ሲመሻሽ ወደሚዝናኑበት ይከተላቸውና ጥግ ይዞ ብርዙን ይጠጣል። ብርዝ ያው ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣው ነው፤ አያሰክርም። የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይህንን ለማጣራት አንድ ቀን አስመጥተው ቀምሰውለታል። አያሰክርም ብለው ከወሰኑ በኋላ ግን አንድ ብርሌ ጨምረው ነው የሄዱት።

አዲስ ፈረንጅ በመጣ ቁጥር ደረሳ አስቀምጦ የሚነግረው ነገር ነበረው። በጠጅ ላይ አረቄ አትደርብ ይለዋል፤ ጠጅ እግር ያስራል፣ አረቄ ኪስ ይፈታል። የማታውቀው ሰው "ወንድሜ!" ብሎ ካቀፈህ ሰዓትህን ተመልከት፤ ስንት እንደሆነ ሳይሆን መኖሩን። ብቻህን አትሂድ። አብራህ የተቀመጠችው ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ሳትጠይቅ ሁለተኛውን አታስቀዳ። የምር ሴት ከወደድክ ደግሞ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ላክ፤ ሽማግሌ በገባበት ቤት አታላይ አይገባም።

አብዛኞቹ ይስቁና ይረሱታል። አንዱ ብቻ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ይሄ ሰው ከሆላንድ የመጣ፣ በር በገባ ቁጥር ጉበን የሚመታው ረጅም ቀያሽ ነበር። ስሙ ሄንድሪክ ነው፤ ከተማው ግን ሚስተር እንድሪስ አለው። ደረሳም ሁለት ጊዜ አርሞ ሰው እንደማይሰማው ሲያይ ተወው።

ሚስተር እንድሪስ የጻፈውን ለማንበብ አልቸኮለም። አንድ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ደረሳ መዝሙር ልምምድ ላይ ሳለ፣ ወይዘሮ ቀለሟ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሙ። ወይዘሮ ቀለሟ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ጠጅ ቤታቸው የተከበረ ነው። የሚሲዮን ቤት ደጃፍ አልረግጥም ስለሚሉ ከውጭ ሆነው ተጣሩ።

"አንተ ደረሳ! ፈረንጅህን ባል ይዞታል!"

"የትኛው ባል?"

"ያው የአገሩ ባል ነዋ! ዋቅወያ!"

ደረሳ የመዝሙር መጽሐፉን አጠፈ። "እርስዎ ቤት ነው?"

"ምነው ልጄ፣ እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል? አውቶቡስ ተራ ማዶ ነው።"

ዋቅወያ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ብቻ የአራት ሴቶች ባል ሆኗል። አንድ የሩቅ ነጋዴ ወይም ፈረንጅ ከሴት ጋር ተቀምጦ ሁለተኛውን ሲያስቀዳ፣ ዋቅወያ "ሚስቴን!" እያለ ይገባል። ወዲያው ከጎረቤት አስታራቂዎች ይሰበሰባሉ፤ ካሣ ይቆረጣል። ሚስቲቱም በማግስቱ እዚያው ቤት ትቀዳለች።

ደረሳ ሲደርስ ሚስተር እንድሪስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የኮቱ አንድ እጅጌ ዋቅወያ እጅ ላይ ነው፤ ኮቱ አብሮት አልነበረም። የእጅ ሰዓቱ ለካሣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሴትየዋ በሩ አጠገብ ቆሎ ትቆረጥማለች።

"አካም ጅርታ፣ ኦቦ ዋቅወያ?" አለ ደረሳ።

"ምን ደህንነት አለ! ትዳሬ ፈረሰ!"

"አዝናለሁ። ማግባትህንም አልሰማሁም ነበር፤ እንኳን ደስ ያለህ። አማትህ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

ደረሳ ወደ ሴትየዋ ዞረ። "እናትሽ ደህና ናቸው?"

"እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመቷ" አለች ሴትየዋ፣ ከቆሎው ቀና ሳትል።

ዋቅወያ እጅጌውን ተመለከተ፤ ከዚያ ጣራውን።

"አልነገረችኝም" አለ።

"እንግዲያው መርዶህ ዛሬ ነው። ነፍስ ይማር። ሰው በሐዘኑ ቀን ካሣ አይቀበልም" ብሎ ደረሳ ሰዓቱን አነሳ። አስታራቂዎቹም እግዜር ያጽናህ እያሉ ዋቅወያን ከበቡት። ደረሳና ሚስተር እንድሪስ በዚህ መሀል ወጡ። እጅጌውን ዋቅወያ ራሱ ተከትሎ አምጥቶ ሰጣቸው፤ ለእሱ ምንም አይሠራለትም።

በማግስቱ ኮቱን ገበያው መሀል፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ወደምትሰፋው ወደ ድርቤ ባቻ ወሰዱት። ድርቤ ሰው ፊት ብዙ የማትናገር፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምትሰማ ልጅ ናት። እጅጌውን ገልብጣ አየች፤ ኮቱንም ከአንገቱ እስከ ጫፉ አገላብጣ አየችና "ለቅዳሜ" አለች። ቅዳሜ ኮቱ ደረሰ። ሰኞ ሱሪ መጣ፤ ረቡዕ ሸሚዝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሚስተር እንድሪስ ያልተቀደደ ልብስ አልነበረውም። ደረሳ በመሀላቸው ቆሞ ስለ ቁልፍና ስለ ክር ያስተረጉማል። ወዲያው ሰውየው ስለ ክር መጠየቁን ትቶ ስለ ቤተሰቧ መጠየቅ ጀመረ። ድርቤም መልሷን አሳጥራ ትመልሳለች፤ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች።

አንድ ቀን ሚስተር እንድሪስ ደብተሩን ገልጦ ለደረሳ አሳየው። "ሽማግሌ ላክ ብለኸኛል" አለ። "ይኸው፣ በእጄ ጽፌዋለሁ። ላክልኝ።"

ደረሳ ለማንም ያልነገረው ነገር ነበር። በገና ሰሞን ሚስተር እንድሪስ አንድ ቁና ቡና ወደ አገሩ ሲልክ፣ ፖስታ ቤት ይዞለት የሄደው ደረሳ ነው። ፎርሙ ላይ ተቀባይዋ ለላኪው ምኑ ናት ለሚለው፣ ሰውየው በገዛ እጁ "ባለቤቴ" ብሎ ሞልቶታል። ደረሳ ያን ጊዜ አንብቦ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ደረሰኙን አምጥቶ ሰጠው። የሰው ደብዳቤ የሰው ነው። አሁን ግን ሽማግሌ ላኪው እሱ ራሱ ሊሆን ነው። ምናልባት አይጠይቁትም ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ከቤተ ክርስቲያኑ አረጋዊውን ኦቦ ኢዶሳን ለመነና፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሦስቱም በላንድሮቨር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ጉቶ፣ ወደ ድርቤ አባት ቤት ሄዱ።

ኦቦ ባቻ ጎልማሳ ገበሬ ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። እንግዶቹን አስቀምጠው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ከብት ነው።

"አባቱ ላሞች አሉት ወይ?"

ደረሳ አስተረጎመ። ሰላሳ አላቸው ተባለ። አንዷ ላም በቀን ስንት ትታለባለች? ሚስተር እንድሪስ ሃያ ሊትር አለ። ደረሳ ይህንንም አስተረጎመ። ኦቦ ባቻ ኦቦ ኢዶሳን አዩ፤ ኦቦ ኢዶሳ መሬቱን አዩ። ለኦቦ ባቻ የመጀመሪያው ውሸት ይህ መሰላቸው። እሱ ግን እውነት ነበር።

"ሚስትስ አለችው?"

ደረሳ አስተረጎመ። ሚስተር እንድሪስ ቆቡን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረና መለሰ።

"የለኝም ይላል" አለ ደረሳ።

ኦቦ ባቻ ዓይናቸውን ከደረሳ ላይ አላነሱም። "እሱን አላውቀውም። የአንተን አባት ግን አውቃለሁ። አቲ ሆ? አንተስ ምን ትላለህ?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደረሳን የራሱን ቃል የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ በዚያ ሥራ ሦስት ዓመት ሲቆይም የጠየቀው የለም።

"በገና ጊዜ ቡና ልኮላታል" አለ። "ፖስታ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወደ ሚስተር እንድሪስ ዞሮ አሁን የተናገረውን በእንግሊዝኛ ነገረው። የተባለውን ሁሉ ማስተርጎም ሥራው ነው።

ሰውየው ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ማንም አልጮኸም። ኦቦ ባቻ ወደ ጓዳ ተጣርተው፣ እንግዳ ሳይበላ ከቤታቸው ወጥቶ እንደማያውቅ ተናገሩ። በቅቤና በእርጎ የራሰ ጩምቦ የሚሉት ወፍራም የጤፍ ቂጣ ቀረበ። አራቱም ከአንድ ገበታ በሉ። ሚስተር እንድሪስ ጥሩ አድርጎ በላ፤ ማቆም አልፈቀዱለትም።

በመልሱ መንገድ ላንድሮቨሩ ከተማው መግቢያ ደረሰ።

"አንተ የእኔ አስተርጓሚ ነህ" አለ ሚስተር እንድሪስ በመጨረሻ።

"አዎ" አለ ደረሳ።

ሰኞ ጠዋት አስተርጓሚው አልነበረም። ኩባንያው ለአገልግሎቱ አመስግኖ አሰናበተው። ሚስተር እንድሪስም ሳምንት ሳይሞላው ወደ ሌላ ካምፕ ተዛወረ።

ደረሳ ድርቤን ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ በረንዳው ሄደ። እሷ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች።

"ለምን ትለምነኛለህ? እኔ አውቅ ነበር።"

"ማን ነገረሽ?"

"ኮቱ። የደረት ኪሱ ውስጥ፣ ከገበሩ ላይ፣ ስሙ በቀይ ክር ተጠልፏል። ዙሪያውን አበባ አለው። ልብስ ሰፊ አይሠራውም፤ ወንድ አይሠራውም። ባሏ እንዳይጠፋባት የፈራች ሴት ናት የጠለፈችው።"

ደረሳ "ታዲያ ሽማግሌ ሲመጣ ለምን ዝም አልሽ?" አላት።

"በአባቴ ፊት ይዋሻል ወይስ አይዋሽም ብዬ ነዋ! ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ዋሸ። የቀረውን እኔ ወጥቼ ልጨርሰው ተነስቼ ነበር፤ አንተ ቀደምከኝ።" ጨርቁን መኪናው ላይ አስተካከለች። "ሦስት ሳምንት ያሰብኩትን ንግግር አስቀረህብኝ።"

ደረሳም ንግግሩን እንድትነግረው ጠየቃት። ድርቤ ነገረችው። ረጅም ነበር፤ ከላሞቹ ወተት ጀምሮ ምንም አላስቀረችም። ጨርቅ ነጋዴው ሱቁን ትቶ ወጥቶ ሰማ፤ መንገደኛም ቆሞ ሰማ። ደረሳ እስከ መጨረሻው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመላት። ስታበቃ ፊቷ ቀለል አለ፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

ክረምቱን ደረሳ ቤት ለቤት እንግሊዝኛ እያስተማረ አሳለፈ። በኅዳር ኩባንያው መልሶ ጠራው። አዲሱ ፈረንጅ ፀጉሩ የሸበተ፣ ባሏ የሞተባት አክስቱን በየንግግሩ የሚያነሳ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚተኛ ሰው ነበር። ደረሳ እንደ ልማዱ አስቀምጦ ስለ ጠጁ፣ ስለ አረቄውና ስለ ሴቶቹ ሊነግረው ሲጀምር፣ ሰውየው ጨዋ በሆነ ትዕግሥት አዳመጠውና ሲያበቃ ስለ ወፎች ጠየቀው። እውነትም የሚያሳድደው ወፍ ብቻ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሩን አንግቶ ወደ ወንዝ ዳር ጫካ ይወርዳል፤ ደረሳም ውሃ ይዞ ይከተላል። የሚያስተረጉመው ቃል የለም። ሥራው ቀለለለት፤ ጥቂት ግን ሰለቸው።