ሰክሯል የተባለው ሹፌር

የጋዜጣችንን ምክትል አዘጋጅ ከኋላቸው «ልጓም» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሰው ጽሑፍ ያስቆማሉ። አይቆጡም፣ አይጮሁም። ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፤ እሱ ደግሞ አንጀት ያሳርራል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ የተማሪዎች አውቶቡስ ከአጥር ጋር ተላተመ። ደግነቱ ልጆቹ አልተጎዱም። ከጋዜጠኞች ሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ሰዎች፣ «ሹፌሩ ሲንገዳገድ፣ ምላሱ ሲተሳሰር በዓይናችን አየን፤ ጥንብዝ ብሏል» አሉኝ። እኔም ስሙን ጠርቼ፣ ሰካራም ብዬ ጻፍኩት። የፊት ገጽ ዜና! ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ጋሼ አነበቡና፣ «ሹፌሩስ ምን አለ?» አሉኝ።

«ስልኩ ዝግ ነው።»

«ቤቱስ?»

«ጋሼ፣ ገጹ እኮ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል!»

«እንግዲያው ቶሎ ሂጂያ።»

«ሦስት ሰው አይቶታል እኮ!»

«ሲንገዳገድ አዩት። ሲጠጣ ያየው አለ?»

በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳጉተመትም አጠገቤ የነበሩት እናት፣ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

የሹፌሩን ቤት የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። ጋዜጠኛ መሆኔን ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። የሆስፒታል ወረቀት አምጥታ እጄ ላይ አኖረች። ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ እየነዳ ሳለ ስኳሩ ወርዶበት ነው እንደ ሰካራም የተንገዳገደው። ደሙ ሲመረመር መጠጥ የሚባል አልተገኘበትም። እሱ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይለኛል። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

በሹፌሩ ፈቃድ ለሐኪሙ ደውዬ አረጋገጥኩ። ሕመሙን ልጽፈው እችል እንደሆነ ሹፌሩን ስጠይቀው፣ «ከሰካራም አይሻልም እንዴ? ጻፊው» አለኝ።

«ጋዜጣው ወጥቷል?» አለች ሚስቱ።

«አልወጣም።»

የበሩ ደፍ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «እሰይ! ልጄ በዚያው አውቶቡስ ነው የምትመላለሰው። ነገ በምን ዓይኗ ጓደኞቿን ታያለች ብዬ...» ልቅሶዋ አላስጨርስ አላት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ተመልሼ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ዜናው አጥሮ ውስጥ ገጽ ገባ፤ እኔን ግን ቅልል አለኝ። በሩን ስለደረገምኩ ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኩና ሚስቲቱ ያለችውን ነገርኳቸው።

«ተመስገን» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። «እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ቤቱ ድረስ የሄድኩለት ሰው ነበር። የሄድኩት ግን የጻፍኩበት ከታተመ በኋላ ነው። ከነቤተሰቡ ሰፈሩን ለቀው ሄደው ነበር።» ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «አንቺ ደረስሽ፣ ልጄ። አንቺስ ደረስሽ።»