አባቴ ማኅሌቱን ትተው የወረዱ ዕለት

ባለፈው ሰኔ ጉልበቴን ለመታየት ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታክል ወጣት ናት። ስለ ቤተሰቤ ስትጠይቀኝ ቆይታ «እማማ፣ አባትዎ በምን ሞቱ?» አለችኝ።

«በተስቦ» አልኳት።

«ወንድም ነበረዎት?»

«እሱም በተስቦ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ከየት ያዛቸው?»

የዚህ መልሱ ረጅም ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠብቃል። «ያኔ በሽታው በአገሩ ነበር» ብዬ ወጣሁ። በመኪና ስመለስ ግን ሳልነግራት የቀረሁት ነገር እየተመላለሰ መጣብኝ። ለማንም በወጉ አውርቼው አላውቅም።

እኔ የታች ጋይንት ልጅ ነኝ፤ ከአርብ ገበያ ማዶ፣ ገደል አፋፍ ላይ ከተቀመጠች ቀበሌ። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ መሪጌታ ይባቤ ይባሉ ነበር፤ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም ሄደው ዜማ ተምረው የተመለሱ፣ የደብራችን መሪ። በዓል ሲሆን ድምፃቸውን ለመስማት ከስማዳ ሳይቀር ሰው ይመጣል። ቤት ውስጥ ግን ዝምተኛ ነበሩ። ማረስ ስለሚወዱ መዳፋቸው በእርፍ የጠነከረ ነበር፤ ያን እጅ ጸናጽል ይዞ ሳየው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። እኔ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ባሌን ፈትቼ የተመለስኩ፣ ለእናቴ የጭንቀት ምንጭ የሆንኩ ሴት ነበርኩ። ወንድሜ አንዳርጌ ደግሞ ለድቁና ይዘጋጅ ነበር። እናቴ ዓለሚቱ ዓይኗ ከእሱ ላይ አይነሳም።

ያን ዓመት በላስታ በኩል ዝናብ ጠፋ። የእኛ ገብስ ደህና ይዞ ነበርና ሰው በጨጨሆ በኩል እየወጣ ወደ እኛ ይፈስ ጀመር። ከነልጆቹ መጥቶ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ሰፈረ። አገሬው መጀመሪያ ክፉ አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። የባቄላ እሸት በደረሰበት ወቅት ነበርና ሴቶቹ ከማሳ ሲመለሱ እየዘገኑ ይሰጧቸዋል፤ ንፍሮ የሚያወጣላቸው፣ ቂጣ የሚቆርስላቸው ብዙ ነበር። በኋላ ግን ተስቦ ገባ። አንድ ስደተኛ ቤቱ ያሳደረ ገበሬ ከነሚስቱ ሲሞት፣ ያ ሁሉ የሚሰጥ እጅ ባንድ ጊዜ ተሰበሰበ።

የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄሰ ገበዝ ውብነህ ነበሩ፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። ታቦት በሚወጣበት ደጅ በሽተኛ ሊተኛ አይገባም ተባለ። ስደተኞቹን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወደነበረ ባዶ የከብት በረት አወረዷቸው። ወደዚያ የወረደ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንዳይስም፣ ከምንጩም እንዳይቀዳ ተገዘተ።

«ውሃስ ማን ያቀብላቸዋል?» አሉ አባቴ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ ቄሰ ገበዝ። ሰውም ተበተነ። አባቴ ያን ሰሞን ምግብ እየቀረበላቸው ጥቂት ቀምሰው ይተዉት ነበር።

የበዓሉ ጠዋት ውርጭ ነበር። ፀሐይ ወጥታ ሣሩ ላይ ያለው በረዶ ሲቀልጥ፣ ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ በስተምሥራቅ ቆመ። አባቴ ካባቸውን ደርበው፣ በመዘምራኑ መካከል ሆነው መምራት ጀመሩ።  ከበሮው ለአንድ አፍታ ጋብ ሲል ከታች የሴት ድምፅ መጣ።

«ስለ ሚካኤል! ስለ ሚካኤል ውሃ!»

ሁላችንም ሰምተናል። ከፊሉ ሰው መሬት መሬቱን አየ። ከበሮ መቺው ጠንከር አድርጎ መታ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ከበሮው እንደገና ሲበርድ ሴትዮዋ ያንኑ ቃል ደገመች።

አባቴ ዜማውን መሃል ላይ አቆሙት። መቋሚያቸውን አጠገባቸው ላለው ሰጡ። ካባቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብለው አጥፈው፣ ድንጋይ ላይ አኖሩት።

«መሪጌታ! ታቦት ቆሞ ወዴት ነው?» አሉ ቄሰ ገበዝ።

«ወደ ታች ነው።»

«ግዝቱንስ?»

«አልረሳሁትም። በሚካኤል ስም ውሃ የለመነኝን ትቼ እዚህ ቆሜ ሚካኤልን ባወድስ፣ ማንን ላታልል ነው?»

«ከወረዱ እኮ አይመለሱም!»

«አውቃለሁ፣ አባ» ብለው በሕዝቡ መሃል አልፈው ሄዱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ለክብር ይሁን ለፍርሃት እንጃ።

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ «ሂጂ፣ አባትሽን መልሺ!» አለችኝ። ሮጬ ምንጩ ዘንድ ደረስኩባቸው። ሴቶች ትተውት የሄዱትን እንስራ አንስተው ይቀዳሉ።

«አባዬ፣ ይመለሱ።»

«አንቺ ተመለሽ፤ እናትሽ ትፈልግሻለች።»

ቆምኩ። እንስራው ሞልቶ ሊያነሱት ሲሉ ከበዳቸው፤ ውሃ መሸከም የሴት ሥራ ነውና አያውቁበትም። አዘልኩትና ተከተልኳቸው። ያን ጊዜ ስለ ጽድቅም ስለ ኩነኔም አላሰብኩም።

በረቱ ውስጥ ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። ሽታው ከሩቅ ይመልሳል። የምትጣራው ሴት ትርንጎ ትባላለች፤ በአንድ እጇ የሞተ ሕፃን አቅፋ ነበር። ውሃውን ስሰጣት አስቀድማ የሕፃኑን ከንፈር አራሰች። አባቴ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሥራ ጀመሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቤት አልተመለስንም። አባቴ «በሽታውን ወደ እናትሽና ወደ ልጁ አላስገባም» ብለው ከበረቱ አጠገብ ካለ አውድማ ዳር የጭድ ዳስ ሠሩ። አንዳርጌ የገብስ ዱቄትና እንጨት እያመጣ ከዳሱ በላይ ካለ ጉብታ ላይ አኑሮ፣ ከሩቅ እጁን አውለብልቦ ይመለሳል። እኔ አጥሚት አፈላለሁ፤ ቅማል የወረረውን ልብስ በፈላ ውሃ እነክራለሁ። አባቴ ይቀብራሉ። ፍትሐት እንዲደረግላቸው ለቄሰ ገበዝ ቢልኩ «የንስሐ አባታቸው አይታወቅም» የሚል መልስ መጣ፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ መቃብር ላይ ዳዊት ደገሙ። የደብራችን ዕቃ ቤት በመጋረጃና በጥላ ተሞልቶ ሳለ፣ ለመገነዣ የሚሆን አቡጀዲ በአህያ ጭኖ የመጣልን የአርብ ገበያው እስላም ነጋዴ መሐመድ ብቻ ነበር። ጨርቁን አራግፎ፣ አንድ ጉድጓድ አብሮ ቆፍሮ ሄደ።

ትርንጎና ጥቂቶች እያገገሙ ሲመጡ አባቴ ወደቁ። ጠዋት መቃብር ሲቆፍሩ ዶማው ከእጃቸው ወደቀና በጎናቸው ተጋደሙ። አንዳርጌ ዱቄት ይዞ ከጉብታው ላይ ደርሶ ነበር። «አባዬ!» ብሎ ቁልቁል ሲሮጥ አየሁት።

«አትምጣ! መልሺው!» አሉ አባቴ።

ልይዘው ሮጥኩ፤ አመለጠኝ። ደረታቸው ላይ ተጠመጠመ። አባቴ ሊገፉት ሞከሩ፣ አቅም አልነበራቸውም። በመጨረሻ ራሱን ዳበሱት።

የዚያን ሰሞን ነገር በቅጡ አላስታውስም፤ እኔም ታምሜ ነበርና። የማስታውሰው አባቴ በትኩሳት ውስጥ ሆነው ዜማ ሊያነሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ድምፅ አልወጣ ሲላቸው ነው። ቄሰ ገበዝ ጉብታው ላይ ቆመው «ይባቤ! ይባቤ!» እያሉ በልጅነት አጠራራቸው ተጣሩ። ያለቅሱ ነበር። ግን አልወረዱም። አባቴ ሲሞቱ በቅጽሩ ውስጥ መቀበር ተከለከሉ። ቃሬዛቸውን የተሸከሙት ትርንጎና እነዚያ እግራቸው ገና የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ናቸው፤ በየጥቂቱ እያሳረፉ፣ ከሕፃኑ አጠገብ አኖሯቸው። አንዳርጌ በሽታው ይዞት ቤት ገብቶ በእናቴ ጭን ላይ ሞተ። እሱን በቅጽሩ ውስጥ ቀበሩት።

ክረምት ሳይገባ የተረፉት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ትርንጎ ስትሰናበት የእናቴን እግር ለመሳም ጎንበስ አለች። እናቴ እግሯን ሰበሰበችና ወደ ውስጥ ገባች።

ከዓመታት በኋላ የደብሩ ሰዎች መጡ። ቄሰ ገበዝ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። «የመሪጌታን ዐፅም አፍልሰን በክብር ከማኅሌቱ አጠገብ እናኑራቸው» አሉ። 

«እዚያው ይተኛ» አለች እናቴ። «የመረጠው እነሱን ነው።»

ዛሬ ከአባቴ ዕድሜ በላይ ኖሬአለሁ። ግዝቱ ከተነሳልኝ ቆይቷል፤ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ እጾማለሁ፣ ጉልበቴ እስኪዝል እሰግዳለሁ። ይህን ማድረግ ለእኔ ቀላል ነው፤ ማንም አይሞትበትም። አባቴ ያደረጉትን ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አድርጌዋለሁ ለማለት አልደፍርም። ክርስቶስ የወረደው እንዲህ ነው ብሎ መስበክ ለሰባኪ ያምራል፤ እኔ ደግሞ የአንዳርጌን ሩጫ አይቻለሁ። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ዕድሜ ልኬን ከብዶኛል።

አባቴ ልክ ነበሩ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ልክ ነበሩ እላለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች ግን ይህን ቃል በፊቷ ተናግሬው አላውቅም።