ወደ ዘጠነኛ ቢ በበሩ የገባሁበት ቀን

ፖሊሶች የያዙኝ ከቡና መቀሸሪያው ስወጣ ነው። ልብሴ ላይ ገለባ ነበር። ለሰፈራችን ሰዎች ስለ መሬታቸው የጻፍኩላቸውን ማመልከቻ አውጥተው «ይህ ጽሑፍ ያንተ ነው?» አሉኝ። የኔ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር በመኪና ጭነው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወሰዱን። ትምህርት ከተቋረጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

ክፍሉን ሳየው አወቅኩት። ዘጠነኛ ቢ። ገብቼበት ግን አላውቅም። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከስምንተኛ አቋርጬ መቀሸሪያው ገባሁ። ሁለት ዓመት ያህል ከሥራ እየሾለክሁ የዚህ ክፍል ሦስተኛው መስኮት ሥር እቆም ነበር። ያኔ ፕላዝማው ይሠራል። በውስጡ የምትታየው አስተማሪ ትጠይቅና ሁለት ደቂቃ ትጠብቃለች። ተማሪዎቹ ዝም ሲሉ እኔ ከውጭ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ እመልሳለሁ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በትሩን ይዞ ይመጣል። «መታወቂያ!» ይለኛል። እሮጣለሁ።

ፕላዝማው ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። የብረት ሳጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈበት ግድግዳው ላይ አለ። ከሥሩ ሃያ ሦስት ሰው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ከመካከላቸው አንድ ሽበታም ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«መታወቂያ?» አለኝ።

ዘበኛው ነበር።

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«ዛሬ እንኳ በበሩ ገባህ» አለና ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።

እሱ የታሰረው በቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ምክንያት ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ እንጨቱ ስለረጠበ እኛን የሚጠብቁት ፖሊሶች የምግብ ማብሰያውን እሳት በወረቀት ነበር የሚያቀጣጥሉት። የቢሮውን ወረቀት ጨረሱ። የዚህን ክፍል ዴስኮችም ፈለጡ። ቤተ መጻሕፍቱ የብረት በር ስላለውና አዛዣቸውም በር ሰበረ መባልን ስላልፈለገ ቁልፉን አምጣ ተባለ። ዘበኛው «ጠፍቶብኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ቀኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ስለ ግቢው ያወራኛል። መጀመሪያ ሁለት የጭቃ ክፍሎች ብቻ ነበሩ፤ እንጨቱን ሰዉ ከጫካ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያመጣው። የብሎኬቱ ሕንፃ በኋላ የመጣ ነው። ላቦራቶሪው ውኃ ኖሮት አያውቅም፤ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ማይክሮስኮፕ ግን አለው። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ክፍል ነው። የውስጠኛው ክፍል ጣሪያ በአንድ ጥግ ስለሚያፈስ የታሪክ መጻሕፍቱን ራሱ ወደ መሃል አዛውሯቸዋል። እኔ እጠይቃለሁ። መደርደሪያው ስንት ረድፍ ነው? መስኮቱ በየት በኩል ነው? ወንበሩስ መደገፊያ አለው?

«ልትገዛው ነው እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን።

በሦስተኛው ቀን የፕላዝማውን ሳጥን ልብ ብዬ አየሁት። አቧራ እንደ ጨርቅ ተነጥፎበታል። በጎኑ ካለው ክፍተት ዙሪያ ብቻ የሁለት ጣት ምልክት አለ። ወደ ዘበኛው ዞርኩ። እሱ ጣሪያውን ያያል።

በማግስቱ አዛዡ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። ከሽማግሌው ጋር እንደምንጫወት ሰምቷል።

«የእጅ ጽሕፈትህ ጥሩ ነው። የት ተማርክ?»

«በርቀት፤ ብቻዬን።»

«ቁልፉ የት እንዳለ ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በግል ልወስድ ተዘጋጅቼ ነበር። ምዝገባው አርብ ያበቃል። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የግድግዳ ሰዓት አየሁ፤ አውርደው አስተኝተውታል፣ ግን ይሄዳል።

«አላየሁም» አልኩት። ያየሁት የጣት ምልክት እንጂ ቁልፍ አልነበረም።

ስመለስ ዘበኛው ጠጋ አለኝ።

«ምን አለህ?»

«መታወቂያ።»

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አርብም አለፈ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ በሩን ከፍተው «ውጡ» ብቻ አሉን። ሌሎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሮጡ። ዘበኛው ፕላዝማው ሥር ቆመ።

«የኔ እጅ አይገባም» አለኝ በሹክሹክታ። «ስጥለው እንዴት እንደማወጣው አላሰብኩም።»

የኔ ክንድ ቀጭን ነው። ክርኔ ተላጠ፤ ቁልፉ ግን ከነቀይ ክሩ ወጣ። በኮቱ ጠርጎ ኪሱ ከተተው።

ቤቱ አማን ነው፤ ሚስቱ ትጠብቀዋለች። እሱ ግን ጠባቂዎቹ ተጭነው እስኪሄዱ ግቢው ውስጥ ቆየና ቤተ መጻሕፍቱን ከፈተ። መደርደሪያዎቹን በዓይኑ ዞራቸው። እኔ ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«መታወቂያ የለኝም።»

ወንበር ሳበ። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ እኔ አዞረው።

«ቁጭ በል።»

መደገፊያ ነበረው።

ፈተናውን በዓመቱ ወሰድኩ፤ ውጤቴም ጥሩ ነው። የሚናፍቀኝ ግን ውጤቱ አይደለም፤ በአርባ ተማሪ መሃል ተቀምጦ እጅ ማውጣት ነው። ዘበኛው ጡረታ ወጥቷል። እኔ አሁንም መቀሸሪያው ነኝ፤ ሰኞ ሰኞ እረፍት ስለሆንኩ ቤተ መጻሕፍቱ እሄዳለሁ። ፎቶ ያለበት የአንባቢ መታወቂያ አለኝ። ከምቀመጥበት ዘጠነኛ ቢ ይታያል። አዲስ ዴስኮች ገብተውለታል። መምህሩ ሲጠይቅና ክፍሉ ዝም ሲል ይሰማኛል። ሁለት ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ማንም ካልመለሰ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ እመልሳለሁ።