ኃይለኛ ውሻ ነው

ውሻዬን ያስገደልኩት በገዛ አፌ ነው።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ስቶክዌል፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ሰውዬ ዌምብሊ ሰፈር አዲስ ፍላት ቤት ሲያገኝ፣ እዚያ ውሻ አይፈቀድም ተባለና ቡችላውን ለሁለት ሳምንት ያዢልኝ ብሎ ሰጠኝ። በዚያው ጠፋ። ቡችላው መልኩ ቡላ ስለነበረ ቡላ አልኩት። ፓርክ ውስጥ ሰዎች ዘሩ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ውሻ ነዋ እላቸው ነበር። እኔ የማውቀው የአበሻ ውሻና የፈረንጅ ውሻ፣ ጆሮው የቆመና ጆሮው የወደቀ ነው። እዚህ አገር ለአፍንጫው ማጠር፣ ለእግሩ መንጋደድ፣ ለጸጉሩ መጠቅለል ሁሉ ስም አለው።

ሲያድግ አንገቱ ወፈረ፣ ደረቱ ሰፋ። ጎረቤት ፈርቶ ለፖሊስ ደወለ። አንድ ጠዋት ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ አንደኛዋ ሜትር ይዛ ተንበረከከችና የጭንቅላቱን ስፋት፣ የአፉን ርዝመት፣ ከመሬት እስከ ትከሻው ያለውን ለካች። እሱ እጇን ይልሳል። እናት አባቱ ማን እንደሆኑ ሕጉ አይጠይቅም አለችኝ፤ የሚታየው ታይፑ፣ ቅርጹ ነው፣ ልኩ ከተከለከለው የውሻ ዓይነት ጋር ከገጠመ ገጠመ ነው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ጸባዩን ጠየቀችኝ። ልትረዳኝ ፈልጋ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ ውሻ የሚመሰገነው በክፋቱ ነው። ግቢ ውስጥ ያለው ዝንብ እሽ የማይል ቢሆን እንኳ በሩ ላይ ኃይለኛ ውሻ አለ ብለን እንለጥፋለን። ለማዳ ነው ማለት ትራፊውን በነጻ ይበላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ኮራሁ።

«ኃይለኛ ነው» አልኳት። «የማያውቀው ሰው ከመጣ ይዘነጥለዋል።»

ጻፈችው። ውሸቴን ነበር። ቡላ ልብስ ማጠቢያው መዞር ሲጀምር መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከበሩ ኋላ የሚንቀጠቀጥ ፈሪ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኔው መጮኹንም አያውቅበትም።

ወሰዱት። ጉዳዬን የያዘው ጠበቃ፣ ለሰው አደገኛ አለመሆኑን ካሳየን ሊመለስልሽ ይችላል ብሎኝ ነበር። ዳኛዋ ፊት ግን የፖሊሷ ወረቀት ተነበበ፤ ቃሌ አንድም ሳይጎድል ሰፍሯል። ብድግ ብዬ፣ ፈሪ ነው፣ ማሽን እንኳ ይፈራል እያልኩ ለመንኩ። ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም ብላ ይሆናል፣ ዳኛዋ እንዲገደል ፈረደች።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ አልሽ?» አለኝ ጠበቃው ቀስ ብሎ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት፤ እስካሁንም አልታረቅኩትም።

ከወር በኋላ ፖሊሷ ደውላ ማለቁን ነገረችኝ። መርፌውን ሲወጉት ጭራውን ይቆላ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ማንንም አልነከሰም አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው።

ዛሬም ልብስ ላጥብ ስል፣ ማሽኑን ከመክፈቴ በፊት የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።