ሎርና ያበላሸችው መንገድ

ካርቨር በምትባለው ከተማችን ሎርና ፕሩትን የማያውቅ ሰው የለም። ሰላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የአውራጃውን ግሬደር ነድታለች። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሲቦረቦር፣ በረዶ ሲዘጋው፣ ከብት አርቢዎቹ መጀመሪያ የሚደውሉት ለሷ ነበር፣ ለአለቃዋ አይደለም። ሎርና ባለፈችበት መንገድ ላይ ቡና የሞላ ኩባያ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጠህ ብትነዳ ጠብ አይልም ይባላል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ትንሽ ጠብ ብሏል፣ ግን ኩባያውን በጣም ሞልቼው ነው።

እኔ እዚያው ከተማ ጎማ ቤት ነው የምሠራው። የጂፕ ክለቡ ውስጥ ከገባሁም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እኛ ክለብ የምንሠራውን ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። መኪና ሊወጣበት የማይችል የሚመስል ዐለት እንፈልግና ቀኑን ሙሉ ለፍተን ሁለት ማይል እንሄዳለን። የተሰበረብንን እዚያው እንጠግናለን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እንመለሳለን። ሎርና ሰኞ ሰኞ መንገድ ስታስተካክል ትውልና ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ አረንጓዴ ጂፗ የከፋውን መንገድ ስትፈልግ ትውል ነበር። "ሥራዬን ቤት ይዤ አልሄድም" ነበር የምትለው።

አንድ ቀን ግን ይዛ ሄዳለች። ይሄ የሆነው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያኔ የኛ ምርጥ መንገድ ማግፓይ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ሎርና ወደ ሸለቆው የሚወስደውን የአውራጃ መንገድ እያስተካከለች ደረሰችና፣ ማቆም ሲገባት አላቆመችም። መግቢያውን ሩብ ማይል ያህል አብራ ጠረገችው። ያዘዛት ሰው የለም። "የግሬደሩን ምላጭ ላነሳ ስል እጄ እምቢ አለኝ" ነው የምትለው።

መግቢያው ሲያምር የቤት መኪና የያዘ ሁሉ ይገባ ጀመር። ውስጥ ገብቶ ዐለቱ ጋ ሲደርስ ማለፍ አይችልም፣ መዞሪያም የለውም። ስለዚህ በጎን በሣሩ ላይ፣ በምንጩ ውስጥ እየጨፈለቀ ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሸለቆው ጭቃ ብቻ ሆነ፣ የመንግሥት መሬት ጽሕፈት ቤቱም ዘጋው። መሬቱ የሕዝብ ነው፣ እነሱ ደግሞ ጠባቂዎቹ ናቸው፣ ማናችንም አልፈረድንባቸውም።

በሎርናም ማንም አልፈረደባትም፣ ግን ማንም አልረሳላትም። በተለይ ድዌይን ስተብስ። ድዌይን ጋዝ ሻጭ ነው፣ የክለቡ ሊቀመንበር ነው፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋውም አለቃ ነው፣ አፉ ደግሞ አያርፍም።

"ሎርና፣ በዚያ ግሬደርሽ እኔ ቤት በር ላይ እንዳትደርሺ" ይላታል፣ "አማቴ በየሳምንቱ መምጣት ትጀምራለች።"

እሷም አብራን ትስቃለች። ግን አንድ ጊዜ አብሬያት ስሄድ አየሁ፣ ማግፓይ የተዘጋበትን አጥር ላለማየት አሥራ ሁለት ማይል ዞራ ነው የምትሄደው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሬድ ሪጅ የሚባለው ቀይ ሸንተረር ላይ አዲስ መንገድ ልንሠራ እንደምንችል ነገረን። ኮልቢ የሚባል ወጣት ሠራተኛቸው ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ መጥቶ ሁኔታውን አስረዳን።

"የመጀመሪያው ዐለት ከሁሉም የከበደ ይሁን" አለ። "የማይችል ሰው ውስጥ ገብቶ ከሚጣበቅ እዚያው በሩ ላይ አይቶት ይመለስ።"

እኛ እንዲህ ያለውን መሰናክል በረኛ ነው የምንለው። በረኛ ያለው መንገድ አይበላሽም።

"የቢሮውን ፒክአፕ ይዤ እመጣለሁ" አለ ኮልቢ። "ምንም ያልተቀየረለት መኪና ነው። እኔ ካለፍኩ መንገዱ አይከፈትም። ከናንተ መኪና ደግሞ ቢያንስ አንዱ ማለፍ አለበት። ማንም የማያልፍበት ከሆነማ ግድግዳ ነው።"

"ባይሳካስ?" አለች ሎርና።

"የቢሮው የመንገድ እቅድ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋል፣ ወይዘሮ ፕሩት። የሚቀጥለው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።"

"አሥር ዓመት! ያኔ እኮ ጥርሴን ኩባያ ውስጥ ነው የምፈልገው። ደግሞ ሎርና በለኝ።"

"እሺ፣ ወይዘሮ ፕሩት።"

ገንዘቡን ራሳችን ነው ያወጣነው። ጎማ ቤታችን አራት ትልልቅ ጎማ ሰጠና ሎተሪ ወጣበት። ሎርና የምትጋግረው ጣፋጭ የቼሪ ፓይም ጨረታ ላይ ቀረበ። የገዛው ሰው ሁሉ መልሶ ለጨረታ እየሰጠ አንዱ ፓይ አራት ጊዜ ተሸጠ። በመጨረሻ ድዌይን በሹካ አንዴ ጎረሰለትና "በቃ፣ አሁን ማንም አይገዛውም" ብሎ ይዞት ሄደ። በተገኘው ገንዘብ የጥንት ሸክላ ስባሪ እንዳንረግጥ መንገዱን በእግሯ የምታጠና ባለሙያ ቀጠርን፣ ትንሽ ኤክስካቫተርም ተከራየን። ጉልበቱ የራሳችን ነው። በልግና ጸደይ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ አካፋና ዲጂኖ ይዘን ነበር የምንወጣው። በየጎኑ ትልልቅ ቋጥኝ አቆምን፣ ማንም ከመንገድ እንዳይወጣ።

በረኛውን ግን ሎርና ለማንም አልሰጠችም።

"እኔ ነኝ የምሠራው" አለች። "ማግፓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይሄን እኔ ልክፈል።"

ድዌይን "በማንኪያ እንዳታለሰልሺው ብቻ" አላት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኤክስካቫተሩ ላይ ተቀምጣ ዋለች። በሬ የሚያክሉ ድንጋዮች እየደረደረች፣ እየወረደች እያየች፣ እንደገና እየወጣች። ከታች ስናየው ያስፈራ ነበር። ሲያልቅ አጨበጨብንላት።

ኮልቢ ሊመጣ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ መንገዱን ለሚሠሩት ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የያዝኩት የጎማ ቤታችንን ዕቃ ማድረሻ መኪና ነው። ሆዷ መሬት የሚነካ ትንሽ መኪና። አርባ ሳንድዊችና አንድ ባልዲ የድንች ሰላጣ ከኋላ ጭኛለሁ። ሰላጣው እንዳይደፋ ዓይኔ ኋላ ኋላ ነው የሚያየው። ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ ትንሽ ነቅነቅ አለ፣ ትንሽ ዘመም አለ፣ ወጣሁና ሰዎቹ ጋ ደርሼ አቆምኩ።

ሁሉም ሥራ አቁመው ያዩኛል። አካፋ የያዘው አካፋውን እንደያዘ።

"ምነው? ሰናፍጭ ረሳሁ እንዴ?" አልኩ።

ድዌይን "በየት በኩል መጣህ?" አለኝ።

"በመንገዱ ነዋ።"

"በየትኛው መንገድ?"

ዞር ብዬ አየሁ። በረኛው ከኋላዬ ነው። አልፌው መጥቻለሁ፣ ያውም የድንች ሰላጣ ይዤ።

ሎርና ከኤክስካቫተሩ ወረደች። በረኛው ጋ ሄዳ ተንበረከከችና እጇን በድንጋዮቹ መሃል አስገባች። እፍኝ ሙሉ ገረጋንቲ ይዛ ወጣች። ሌላ ቦታ አስገባች፣ እዚያም ገረጋንቲ። በየድንጋዩ መሃል ሞልታ፣ በኤክስካቫተሩ መቆፈሪያ ባልዲ ጀርባ ጠቅጥቃ፣ ለጎማ የሚመች አድርጋዋለች።

"መቼ እንደሞላሁት አላውቅም" አለች። "እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

ያን ቀን ድዌይን እንኳ አልቀለደም። እኔም አፍሬ ሳንድዊቹን ማከፋፈል ጀመርኩ፣ ማንም አልበላም። ሎርና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጓንቷን አወለቀችና መዳፏን ታይ ጀመር።

"ሌላ ሰው ማሽኑ ላይ ይቀመጥ" አለች። "እኔ ሰላሳ ሦስት ዓመት ጉድጓድ ስደፍን የኖርኩ ሰው ነኝ። ብቀመጥበት ደግሜ እደፍነዋለሁ።"

"ሌላ ሰውማ ከነማሽኑ ገደል ይገባል" አለ ድዌይን።

እሱም እውነት ነው። ኮልቢ ሊመጣ ስምንት ቀን ነው የቀረው። የሱ ፒክአፕ ካለፈ አሥር ዓመት መጠበቅ ነው። ሎርና ያንን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ያስታውቃል።

ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

"መንገድ ምን እንደሚያበላሸው ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ?"

"የለም። ማግፓይን አይተናል" አለ ድዌይን። አላስቻለውም።

"ዝም በል፣ የምሬን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የታገልኩት ከውሃ ጋር ነው። እኔ የደፈንኩትን ሁሉ መጥቶ የሚነቅልብኝ እሱ ነው። ድዌይን፣ የእሳት አደጋው ቦቴ ስንት ይይዛል?"

"ሦስት ሺህ ጋሎን።"

"አምጣው።"

"እሳት የለም እኮ።"

"እሳቱ እኔ ነኝ። አምጣው!"

ኮልቢ በስልክ ተጠየቀ። ደለሉ ሸንተረሩ ሥር ወዳለው ወንዝ እንዳይወርድ ከታች ጉድጓድ ቆፍሩ አለ፣ ቆፈርን። እሁድ ከሰዓት ቦቴው መጣ። የእሳት አደጋ ልጆቹ ቱቦውን ዘረጉ፣ ሎርና ቦት ጫማዋን አድርጋ መሃሉ ላይ ቆመች።

"ከላይ አይደለም፣ ከሥሩ ስጡት!" ትጮኻለች። "እዚያ! እዚያ ደብቄበታለሁ! ወደ ግራ! እዚያም አለ!"

ውሃው የሞላችውን አንድ በአንድ እየፈለገ አወጣው። ገረጋንቲው እየታጠበ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፣ ድንጋዮቹ አጥንታቸው ታየ። መሃል ላይ የነበረው ትልቁ ቋጥኝ ሥሩ ሲቦረቦር ቀስ ብሎ ዘነበለና "ዱም" ብሎ ተቀመጠ። ከፊቱ ወገብ የሚደርስ እርከን ተከፈተ። እንዲህ ያለ እርከን በሎርና እጅ ቢሆን መቼም አይሠራም ነበር። ከራስ እስከ እግሯ ርሳ፣ ጭቃ ለብሳ እንደ ልጅ ትዘል ነበር።

"አያችሁት? ይሄን ባለጌ ውሃ አያችሁት? ሥራ ላይ እያለሁ ስንቴ አስለቅሶኛል መሰላችሁ!"

በሚቀጥሉት ቀናት ከሥራ መልስ እየመጣን የተናጋውን በዲጂኖ እያጣበቅን አጸናነው። ሎርና እያየችን ድንገት ጎንበስ ብላ አንዲት ጠጠር ስንጥቅ ውስጥ ልታስገባ ስትል ድዌይን "እጅሽን!" ብሎ ይጮህባታል። እሷም ሁለቱንም እጇን ኪሷ ከትታ ትቆማለች። እንዲህ አድርገን ጨረስነው።

ኮልቢ በቀጠሮው መጣ፣ ነጩን ፒክአፕ ይዞ። ስድሳ ሰው የሚሆን ተሰብስቧል። እሱ ደግሞ ለይስሙላ የሚሞክር ሰው አይደለም። መጀመሪያ ወርዶ በእግሩ አየ። ከዚያ በቀኝ ሞከረ፣ ጎማው ዞሮ መለሰው። በግራ ሞከረ፣ የፊት መከላከያ ብረቱ እርከኑን ገጭቶ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ መሃሉን ይዞ መጣ፣ ትንሽ ወጣ። ሎርና ክንዴን ይዛኝ ስለነበር ጥፍሯ ተሰማኝ። ፒክአፑ ዘመም አለ፣ አንድ የኋላ ጎማው አየር ላይ ተንጠለጠለና ቀረ።

ያንን ጩኸት ብትሰሙት። ሰዉ ባርኔጣውን ወረወረ።

ኮልቢ መስኮቱን አወረደ። "ወይዘሮ ፕሩት" አለ፣ "ስጣበቅ ሰው እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።"

"ሎርና በለኝ ብዬሃለሁ!"

ጎትተን ወደ ኋላ አወጣነው። "በሉ፣ ግማሹ ነው ያለቀው" አለ። "አሁን አንድ የሚያልፍ አሳዩኝ።"

ድዌይን ማንንም አልጠበቀም። አዲሱን መኪናውን አስነስቷል፣ ጎማውን ባለፈው ወር እኔ ራሴ ነኝ የገጠምኩለት፣ ደረት የሚደርስ ጎማ ነው። "ሴቶችና ሽማግሌዎች ዞር በሉ" አለና በግራ በኩል እያገሳ ገባ። ግማሽ ድረስ አሪፍ ሄደ። ከዚያ በሁለት ድንጋይ መሃል ተሰነቀረና ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልል አለ። ጭስ ብቻ።

ኮልቢ ሰዓቱን አየ። ግድግዳ ከሆነ መንገድ አይደለም ብሎናል።

ሎርና አረንጓዴ ጂፗ ውስጥ ገባች። በሯ የተጨረመተ፣ ሬድዮ የሌላት ጂፕ ናት። ድዌይን የተሰነቀረው በግራ ስለሆነ የበረኛው ቀኝ በኩል ክፍት ነው። ጎማዋን አስተንፍሳ፣ በዝቅተኛው ማርሽ፣ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ቀስ ብላ መጣች። እርከኑ ላይ ስትደርስ ጂፗ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳች። ተንሸራተተች። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ መሪውን አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ አዞረች፣ እንደገና መጣች። ደግሞ ተንሸራተተች። ሦስተኛው ላይ የፊት ጎማዋ ያን የዘነበለውን ቋጥኝ ጫፍ አገኘና ያዘው፣ የኋላው ተከተለ፣ ጂፗ እንደ አሮጌ ላም እያቃሰተች ወጣች። ከላይ ቆመች።

"አለፈች" አለ ኮልቢ፣ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ የመንገዱን የፈቃድ ወረቀት ፒክአፑ ኮፈን ላይ አድርጎ ፈረመበት። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ሲፈርም አየሁት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሎርና ከጂፗ ወርዳ ጫፉ ላይ ቆመች። ፊቷ ሙሉ ለሙሉ የሌላ ሰው ሆኗል። እኛ ከታች ስሟን እየጠራን እንጮኻለን። እሷ ግን የምታየው ድዌይንን ነው።

"ድዌይን! ገመድ ላውርድልህ? ወይስ እዚያው ትከርማለህ?"

"ዝም ብለሽ ጎትቺ፣ አንቺ መንገድ አበላሽ!"

የጂፗን የዊንች መጎተቻ ገመድ አወረደችለት። በጣም ቀስ እያለች ነው ያወረደችው፣ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ፎቶ እስክናነሳው ድረስ።